ደመና የሚያስገብሩት ባላባቶች

የኛ ሰው ተረት መስማት አይችልም። ተናድጄ ነው እንዲህ የምለው፤ ንዴቴም ገና አልበረደልኝም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እየተባለ ያደገ ሰው አንድ ነገር ሲነግሩት ነገሩን ይተውና ከጀርባው የተደበቀውን ሰው ፍለጋ ይሄዳል። ውሻ ጮኸ ሲሉት «ውሻው ማነው?» ይላል። አንድ ተራራ ላይ የሚኖሩ ባላባቶች ነበሩ ሲሉት «የነማን ባላባቶች?» ይላል። በዚህች ጥያቄ የተነሳ ጓደኛዬ ላይ የደረሰውን ልናገር ነው፤ የሚከፋው ይክፋው።

ሁለታችንም ሳሪስ አካባቢ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምንሠራው። እኔ ኮሌታ እገጥማለሁ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ ቆየሁ፤ እሷ ግን በኮንትራት ነበረች። የኮንትራት ሠራተኛ ማለት አንድ ጠዋት ተነስተው «ነገ እንዳትመጪ» ቢሏት የት አባቷ ሄዳ እንደምትከስ የማታውቅ ሰው ማለት ነው። ቤቷ ውስጥ ደሞዝ ይዞ የሚገባ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ቋሚ የምትሆንበትን ቀን ነፍሰ ጡር ምጧን እንደምትጠብቅ ትጠብቀው ነበር።

ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ከኮዬ ፈጬ ያነሳንና ቂሊንጦን አልፎ፣ ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተገትሮ፣ እንደ ዕድላችን ያደርሰናል። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አቃቂ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ የአባቴ ዘመዶች ግን ከደጋ የመጡ ናቸው። ኮዬ የገባነው እናቴ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት ነው። ጓደኛዬ ግን እዚያው የተወለደች ናት፤ የኛ ብሎክ የቆመበት ቦታ አባቷ ያርሱት የነበረ ማሳ ነው። «አልጋሽ እኮ ያለው ሽምብራው ላይ ነው፣ አይቆረቁርሽም?» ትለኝ ነበር እየሳቀች። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኔ ብሆን ፎቁን በጥርሴ ነበር የማፈርሰው።

ተረቱን የፈጠረችው እሷ ናት። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ይህን ማንም ማመን ስላልፈለገ ነው። አንድ የክረምት ጠዋት ቃሊቲ ላይ ሁለት ከባድ መኪናዎች ጠባብ ተለዋጭ መንገድ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አንዱ ወደ ኋላ አልልም አለ፣ ሌላው ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሾፌሮቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ወርደው ይሰዳደባሉ፣ እኛ ደግሞ ሰዓት እየረፈደብን በላብ እንታጠባለን። እሷ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠርጋ አየቻቸውና፣ እነዚህ ከተራራው ባላባቶች ሳይወለዱ አይቀሩም አለች። የትኛው ተራራ ነው አልኳት። እዚያው ፈጠረችው።

ተራራው ከደመና በላይ ነው። ላዩ ላይ የሚኖሩት በሙሉ ባላባቶች ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚሆን ተራ ሰው የለም። ትንንሽ ባላባቶች ናቸው ታዲያ። ነጋሪት አላቸው፣ ሲጎሰም የሚሰበሰብ ሠራዊት ግን የላቸውም። ጥላ አላቸው፣ የሚይዝላቸው አሽከር የለም። በቅሎ አንዲት ብቻ ናት ያለቻቸው፣ እሷንም በተራ ነው የሚቀመጡባት። የሚታረስ መሬት ስለሌላቸው ደመና ያስገብራሉ። በዚያ በኩል የሚያልፍ ደመና ሁሉ አንድ እንስራ ውሃ አራግፎ ነው የሚያልፈው፤ አሻፈረኝ ያለውን ከጥዱ ሥር ችሎት አቁመው ይከሱታል። አለቃቸው ደመና አዝማች ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ያለ ዱላ ደጅ አይወጡም። ሁለት ባላባቶች በቀጭን መንገድ ከተገናኙ ማንም ለማንም አይለቅም። ስንቃቸውን ይፈቱና እየተጎራረሱ እዚያው ይውላሉ፣ ሲመሻሽ ሁለቱም ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

እኔ በጣም የምወደው ዕጣውን ነበር። ሁሉም ባላባት ከሆነ ውሃ ማን ይቀዳል? እንጨት ማን ይለቅማል? ስለዚህ ጠዋት ተሰብስበው ዕጣ ይጥላሉ። ዕጣ የወጣበት ካባውን አውልቆ ያን ቀን ሎሌ ሆኖ ይውላል። ይታዘዛል፣ ይሰደባል፣ አንቱታው ይቀርና «አንተ» ይባላል። ማታ ካባውን መልሶ ይለብሳል፣ ቀን የተሰደበውን ስድብ ማንሳት ነውር ነው። ጓደኛዬ ይህን ስትተርክ የእያንዳንዱን አካሄድ ሳይቀር ታሳያለች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አገጯን ሰቅላ፣ ፎጣዋን እንደ ካባ ትከሻዋ ላይ ጥላ። የኔ ሥራ ነገር መጫር ነበር። በቅሎዋስ ዕጣ ውስጥ ትገባለች ወይ እላታለሁ። ያልገባች እንደሆነ ለምን አልገባሁም ብላ ትከሳለች ትለኛለች። መልስ አጥታ አታውቅም።

መጀመሪያ ለሁለታችን ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ፊት ያሉት ዞረው መስማት ጀመሩ፣ ከዚያ ኋላ ያሉት ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ማለት አመጡ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ይቀንስላታል። በር ላይ ስትገባ ደመና አዝማቹ እንዴት አደሩ ብሎ ሳይጠይቃት አያሳልፋትም። ጥርሳቸውን ሳይፍቁ ከአልጋ ተነስተው የሚሮጡ ሴቶች፣ ልጅ ለጎረቤት ጥለው የወጡ እናቶች፣ ሁሉም ቃሊቲ እስኪደርሱ እንቅልፋቸውን ትተው ይስቃሉ። ቀኑን ሙሉ ከማሽን ሌላ የሚያናግረን የለም፤ የሳቅ ሰዓታችን ያቺ ብቻ ነበረች።

አንድ እሑድ እቤቷ ሄድኩ። አባቷን ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ገና ከሩቅ ሳያቸው ሳቅ አፈነኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ መሳቄ አሳፈረኝ። ዱላቸውን ይዘው በብሎኮቹ መሃል በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ መሃሉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ መኪና ክላክስ ያምባርቃል፣ እሳቸው አይዞሩም። ሊሻገሩ አልነበረም፤ መቆም ፈልገው ነው የቆሙት። በኋላ ወንድሞቻቸው መጡ። ሁሉም ሽማግሌዎች፣ ሁሉም መሬታቸው የሄደ፣ ሁሉም ከብት የሌላቸው። ሲገናኙ ግን አንዱ ላንዱ ከመቀመጫው እየተነሳ፣ እርስዎ ይለፉ፣ የለም እርስዎ ይለፉ እየተባባሉ በራፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ክብራቸው ንክች አላለም። አባቷ በቋንቋቸው «አካም» ብለው ሰላም አሉኝ፣ የማውቃትን ያህል መለስኩላቸው፣ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዞር ብዬ ጓደኛዬን አየኋት።

«አዎ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቀያሽ የማይደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጥኳቸው።»

ከዚያ ቢላ ሰጠችኝና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

እንግዲህ ጥያቄዋን ወደጠየቀው ሰውዬ ልምጣ። ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። የሰው ስፌት እየገለበጠ ክር ሲፈልግ ነው የሚውለው፤ ያ ልማድ መቼም ከሥራ ሰዓት ውጭም አይለቅም። ኮዬ ቤት ተከራይቶ በኛ ሰርቪስ መምጣት ጀመረ። የአባቴን ትውልድ አገር ጠይቆ ካወቀ ወዲህ እህቴ፣ የአገሬ ልጅ እያለ ነው የሚያናግረኝ። እኔ ያን አገር በዓይኔ አላየሁትም። እሱም መጀመሪያ አካባቢ እንደሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ነገር የተነሳው ዕጣው በደመና አዝማቹ ላይ የወጣ ዕለት ነው። ሽማግሌው ካባቸውን አውልቀው እንስራ ሊሸከሙ ነው። ሰርቪሱ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ፤ ግማሹ ሕግ ሕግ ነው ይሸከማሉ አለ፣ ግማሹ ከሚሸከሙ ሞተው ይገኛሉ አለ። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ነገ ትሰማላችሁ ብላ አቋረጠችው። ያኔ ተቆጣጣሪው ከኋላችን አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እነዚህ ሰዎች ግን የነማን ናቸው?» አለ።

የማንም አይደሉም አልኩት። ሳቀ፤ ያ እኔ አውቃለሁ የሚል ሳቅ። ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳን። ደጋ ላይ ይኖራሉ። ድሆች ናቸው ግን ኩሩዎች። ጥላና ነጋሪት አላቸው። ግብር ያስከፍላሉ። ይሄ ማንን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል አለ። ሙድ እየያዘችብን ነው፣ የኛን አባቶች ነው እንስራ የምታሸክመው፣ እስካሁን የሳቅነው ስላልገባን ነው አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከወደ ፊት ሌላ ሰው ብድግ አለና፣ እንዲያውም የሚከፋን እኛ ነን አለ። ደመናው ገባር ነው፣ ገባሩ ደግሞ ማን እንደነበረ ይታወቃል፣ አባቶቻችን ሲገብሩ የኖሩት አንሶ ዛሬ መሳቂያ እንሁን ወይ ብሎ ጮኸ። ወይ የኔ ጉድ! ደመናውም ወገን አገኘ። የቀረችው በቅሎዋ ብቻ ነበረች።

እኔ ደሜ ፈላ። ተነስቼ፣ ይሄ ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ የለውም፣ ወርቅ የለመደ ሌላ ቦታ ይቆፍር አልኩ። ማን ይሰማኛል። በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ሰዉ ተደበላልቆ መቀመጡን ትቷል። እነዚያ በግራ፣ እነዚህ በቀኝ። ትናንት አንድ ዳቦ ቆርሰው የበሉ ሴቶች በመተላለፊያው ተለያይተው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኛ ሁለታችን ብቻ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተቆጣጣሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እኔ ላንቺ ነው የማዝነው፣ አጠገብሽ ተቀምጣ ትሰድብሻለች፣ አንቺ የዋህ ስለሆንሽ ትስቂያለሽ አለኝ። ሰደበችኝ? እኔን? የምታወራው ስለራሷ ሰዎች ነው ብዬ ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መልሼ ዋጥኩት። ለዚህ ሰው የጓደኛዬን ቤት ጉዳይ አልሰጠውም አልኩ።

ከዚያ ቢሮ ከሰሰን። ሰርቪስ ውስጥ ሕዝብን የሚያጋጭ ንግግር ይነገራል አለ። የሰው ኃይል ኃላፊው ሁለታችንንም አስጠራን። ክፉ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበኸው ትወጣለህ። ይሄ ትሁት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ ሻይ ይምጣላችሁ አለ። ተረት መሆኑ ለኔ ገብቶኛል አለ። እኔ ራሴ ልጆቼን ተረት እነግራለሁ አለ። ነገር ግን ሰው ተሰምቶታል፣ ጊዜው ደግሞ ጥሩ ጊዜ አይደለም፣ ስለዚህ ተራኪዋ ሰርቪሱ ውስጥ ቆማ ይቅርታ ትጠይቅና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ አለ። ቀጥሎ፣ ነገር እየፈለገ የሚናገር እንዳይመስል አድርጎ፣ የቋሚነትሽ ጉዳይ በዚህ ወር መታየቱ ነው አይደል አላት።

እዚያች ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህች ልጅ ለዚያ ቀን ስትል ታማ ሥራ ገብታለች፣ ዘመድ ሞቶባት ተቀብሮ እስኪያበቃ ብቻ ቆይታ ተመልሳለች። እንግዲያው እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩት። ቋሚ ነኝ፣ የምፈራው የለኝም፣ ነገር የምጭረውም እኔ ነበርኩ አልኩት። ሰውዬው በርኅራኄ አየኝ። በርኅራኄ! አንቺማ የተሰደበው ወገን ነሽ፣ በምን ሂሳብ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ አለኝ። ስሜንና የአባቴን ስም አይቶ ነው ወገን ያወጣልኝ። ያቃቂ ጭቃ አቡክታ ያደገችውን ልጅ ተራራ ላይ ሰቀላት፣ ተራራውን የፈጠረችውን ልጅ ደግሞ የተራራው ጠላት አደረጋት። በቃ እነግረዋለሁ፣ ባላባቶቹ አባቷ ናቸው፣ አጎቶቿ ናቸው፣ ሄደህ አስፋልቱ ላይ ቆመው እያቸው እለዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት፣ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ለምን አልኳት። ብነግረው እኮ ነገሩ ያበቃ ነበር አልኳት።

«አባቴን ቢሮ አታስገቢብኝ» አለችኝ። «መሬቱን ሲወስዱ ቢሮ ለቢሮ ያንከራተቷቸው ይበቃቸዋል።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔም ቋሚ ነኝ፣ አልፈራም፣ ምላሴ ረጅም ነው ስል ከርሜ ያን ቀን ለጓደኛዬ የምጠቅማት አንድ ነገር አልነበረኝም። እቤቴ ገብቼ እናቴን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት።

ይቅርታው የተጠየቀው ከሥራ ስንወጣ ነው። ኃላፊው ራሱ ሰርቪሱ ውስጥ ገባ። ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ አብሮነት ተናገረ፤ አንድ ቤተሰብ ነን አለ። ቤተሰብ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ያዳምጠዋል። ከዚያ በእጁ ጠራት። ተነሳች፣ የፊቷን መቀመጫ ብረት ያዘች። ስትተርክ ድምጿ እስከ ኋላ ወንበር ይደርስ ነበር፤ ያን ቀን አጠገቧ ሆኜ እንኳ ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ያስቀየምኩት ሰው ካለ ይቅርታ» አለች። «ስለማንም አልተናገርኩም። ተራራው ላይ ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም።»

አጨበጨቡ። በግራም በቀኝም አጨበጨቡ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ላይ ያደረጉት ነገር ያ ነበር። ተቆጣጣሪው እንዲያውም ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፣ እኔ እኮ ቂም የለኝም አላት። ማን ነው አንተን ቂም የጠየቀህ? እነሱ የሰሙት ይቅርታ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። አባቷን በዱላቸው፣ አጎቶቿን በየተራቸው፣ አንድ በአንድ ከተራራው ስታወርዳቸው ነው የሰማሁት። ጣቶቿ ብረቱ ላይ ነጭ ሆነዋል። አሁን ደስ አላችሁ ብዬ ጮህኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሾፌሩ ብቻ አንገቱን ነቀነቀና ሬዲዮውን ከፈተ።

ቋሚ ሆነች። ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ በዚህ አላማቸውም። ደስ ብሎኛል ብዬ አቀፍኳት፣ እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዉም ወዲያው ነገሩን ረሳው። መቀመጫው እንደገና ተደበላለቀ፣ ዳቦም መቆራረስ ተጀመረ። አንዳንዷማ ቀርባ፣ እንዴት ነው ያ ተረት ቀረ እንዴ ብላ ጠየቀቻት፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር እኮ ጠፍቷል። እሷ በትሕትና ፈገግ አለችና፣ አዎ ቀረ አለቻት።

በዚህ ሰሞን ቃሊቲ ላይ እንደገና ተገትረን ነበር። ፊታችን ያለው መንገድ ከባድ መኪና ብቻ ነው፣ የሚነቃነቅ የለም። ከአጠገባችን ያሉት ተኝተዋል፣ ተቆጣጣሪው የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቷል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። ለኔ ብቻ ንገሪኝ፣ በሹክሹክታ፣ ማንም አይሰማም አልኳት። አሁን እኮ ቋሚ ነሽ፣ ማን ምን ያደርግሻል አልኳት። ለምኛት ነው፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እጄን ያዘችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ኮንትራት እያለሁ ይሄን ያህል አልፈራም ነበር» አለችኝ። «አሁን እኮ የሚወሰድብኝ ነገር አለኝ።»